ሳይርበን የሚመጣውን የመክሰስ አምሮት የመግታት መመሪያ

ምሳ ከበላሁ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ እጄ የሥራ ጠረጴዛዬን መሳቢያ ከፍቶ ብስኩት ያወጣል። ይህ ለብዙ ዓመታት የዘወትር ልማዴ ነበር። አንዱን ጎርሼ ሁለተኛውን ሳነሣ ዓይኔ ከኮምፒውተሩ ላይ አይነቀልም፤ ማሸጊያው ባዶ መሆኑን የማውቀው ጣቶቼ ፍርፋሪ ብቻ ሲዳስሱ ነው። በዚያ ሰዓት ሆዴ አልራበውም። ይህን ልማድ ለመተው የሄድኩበትን መንገድ፣ ስለ ረሃብና ስለ ልማድ ካነበብኩት ጋር አያይዤ፣ ተመሳሳይ ችግር ላለበት ሰው በቅደም ተከተል አቀርበዋለሁ።

አማርኛችን ለሁለቱ ስሜቶች ሁለት ቃላት አሉት። «ራበኝ» የሚል ሰው የሚፈልገው ምግብ ነው፤ ሽሮም ቢቀርብለት፣ ቂጣም ቢያገኝ ይበላል። «አማረኝ» የሚል ሰው ግን ልቡ ያረፈው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ብስኩቱ ላይ፣ ሳምቡሳው ላይ፣ ጨው ያለው ለውዝ ላይ። ረሃብ ሲመጣ መብላት ተገቢ ነው፤ ይህ መመሪያ ረሃብን ስለ መቻል አይናገርም። አምሮትን በተመለከተ ግን የደረስኩበት ድምዳሜ አንድ ነው፦ ጥርስን ነክሶ መታገል ብዙ አያራምድም፤ አምሮቱ የሚመጣበትን ሰዓትና ቦታ አውቆ፣ በእጅና በመክሰሱ መካከል ያለውን ርቀት ማስፋት ግን ያራምዳል።

ከመጀመርዎ በፊት

አንዳንድ ሰዎች ይህን መመሪያ እንዳለ ሊከተሉት አይገባም። ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያልበው፣ ልቡ በፍጥነት ቢመታ ወይም ግራ ቢጋባ፣ የደሙ ስኳር ወርዶ ሊሆን ስለሚችል «አምሮት ነው፣ ይለፈኝ» ብሎ መጠበቅ የለበትም። የስኳሩ መጠን ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ወይም መለኪያ በእጁ ከሌለ፣ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወዲያውኑ መጠጣትና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ይኖርበታል። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ በዕድገት ላይ ያሉ ልጆችና ከሕመም በማገገም ላይ ያሉ ሰዎች በምግብ መካከል መብላት ያስፈልጋቸዋል። ብዙ በልቶ ሆን ብሎ የማስመለስ ወይም ራስን በረሃብ የመቅጣት ችግር የነበረበት ሰው ደግሞ አበላሉን መመዝገብና መቆጣጠር ከመጀመሩ በፊት የጤና ባለሙያ ያማክር።

ከዚህ ሌላ፣ ብዙ ጊዜ መራብ ከከፍተኛ ውሃ ጥም፣ ከሽንት መመላለስና ያለ ምክንያት ከመክሳት ጋር ከመጣ የደም ስኳር ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል። የሚያምርዎት አፈር፣ በረዶ ወይም ጥሬ ሩዝ ከሆነም ይህ ብዙ ጊዜ ከብረት ማዕድን እጥረት ጋር የሚያያዝ ምልክት ስለሆነ ደምዎን ይመርመሩ። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም የምግብ ፍላጎትን ይጨምራሉ፤ በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን በራስዎ ውሳኔ ከማቋረጥ ይልቅ ያዘዘልዎትን ሐኪም ያነጋግሩ።

ደረጃ 1፦ ለሦስት ቀናት ምንም ሳይለውጡ ይመዝግቡ

ከኪስ የማትበልጥ ደብተር ወይም የስልክዎን ማስታወሻ ይጠቀሙ። በእነዚህ ሦስት ቀናት ራስዎን ለመከልከል አይሞክሩ፤ እንደ ወትሮው ይብሉ፣ ነገር ግን ከዋናው ምግብ ውጭ አፍዎ የገባውን ሁሉ፣ አንዲት ከረሜላም ብትሆን፣ ይጻፉ። ከቀናቱ አንዱ ቅዳሜ ወይም እሑድ ቢሆን ይመረጣል፤ የሥራ ቀንና የዕረፍት ቀን አምሮታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። የሚጻፈው ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የተበላው ነገር፣ በዚያች ቅጽበት ይሠሩት የነበረው ሥራ ወይም የተሰማዎት ስሜት፣ በመጨረሻም ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ የረሃብዎ መጠን ነው። ዜሮ ማለት ጥግብ ብለዋል፣ አሥር ማለት ደግሞ ጉልበትዎ እስኪከዳዎት ርቦዎታል ማለት ይሁን።

ከራሴ ደብተር ሁለት መስመሮችን ላሳይ። «ማክሰኞ፣ ቀን 10፡10፣ ቢሮ፣ ብስኩት 6፣ ሪፖርቱ አላልቅ ብሎኝ፣ ረሃብ 2።» «ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30፣ ቴሌቪዥን ፊት፣ ለውዝ ሁለት ጭብጥ፣ ምንም ስሜት የለም፣ ረሃብ 1።» ረቡዕም ሐሙስም ያው 10፡10 እና ያው 3፡30 በትንሽ ደቂቃ ልዩነት ተመልሰው መጡ። ቀኑን ሙሉ ስበላ የምውል ይመስለኝ ነበርና፣ ነገሩ የሁለት ሰዓቶች ጉዳይ ብቻ መሆኑን በጽሑፍ ሳየው ተስፋ ሰጠኝ።

አምሮት እንዲህ ሰዓት ጠባቂ የሚሆነው አካላችን ምልክትን ከምግብ ጋር የማያያዝ ችሎታ ስላለው ነው። በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ምርምር በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ውሾች ምግቡን ሳያዩ ከምግብ ጋር የተላመደውን ምልክት ብቻ ሲያገኙ ምራቃቸው እንደሚፈስ አሳይቷል። ቡና ሲቆላ ሽታው ገና ከደጅ እንደደረሰን ቆሎው የሚታወሰን በዚሁ መንገድ ነው። በደብተርዎ ላይ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የተደጋገመውን ሰዓት፣ ቦታ ወይም ስሜት ያክብቡበት። የቀሩት ደረጃዎች በሙሉ የሚያተኩሩት በተከበቡት ላይ ነው፤ ሌላውን ለጊዜው ይተውት።

ደረጃ 2፦ ረሃብና አምሮትን በሽሮ ይለዩ

እጅዎ ወደ መክሰሱ ሲሄድ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «አሁን ሽሮ በእንጀራ ቢቀርብልኝ እበላለሁን?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ርቦዎታልና ይብሉ። መልሱ «ሽሮማ አልፈልግም፣ ያቺን ብስኩት ነው እንጂ» ከሆነ የያዘዎት አምሮት ነው። ሽሮ በጣም የሚወዱ ከሆነ በማይጠሉት፣ ነገር ግን በማይጓጉለት ሌላ ምግብ ይተኩት፤ ቀዝቃዛ ቂጣ ወይም የተቀቀለ ድንች ሊሆን ይችላል።

ከጥያቄው ጎን ለጎን የአካልዎን ምልክቶች ያስተውሉ። ረሃብ ቀስ በቀስ እየጨመረ ይመጣል፣ ሆድን ይሞረሙራል፣ ትኩረትን ይሰርቃል፣ የተገኘው ምግብ ሁሉ ያስታግሰዋል። አምሮት ግን ድንገት ደርሶ አፍና ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል፤ ከበሉም በኋላ ብዙ ጊዜ እርካታው አጭር ነው። የሆድ መጮህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። «ወስፋቴ ጮኸ» የምንለው ድምፅ ጨጓራና አንጀት ባዶ በሆኑ ጊዜ በየ90 እስከ 120 ደቂቃው የቀረውን ጠራርጎ ለማውረድ በሚያደርጉት መኮማተር ጭምር የሚፈጠር ነው፤ ስለዚህ ድምፁን ሰምቶ ወዲያው ወደ ማጀት መሄድ አያስፈልግም።

የሚጾም ሰው ይህን ልዩነት ከማንም በተሻለ ያውቀዋል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ምእመን በለመደው የቁርስ ሰዓት ሆዱ ሲያስጨንቀው ቆይቶ፣ ምንም ሳይቀምስ ጭንቀቱ ሲለቀው ያያል፤ በረመዳን የሚጾም ሙስሊምም በምሳ ሰዓት እንዲሁ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ጨጓራ የሚያመነጨው ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን በለመድነው የመብያ ሰዓት ከፍ ብሎ፣ ባንበላም እንኳ በራሱ ጊዜ ዝቅ የሚል መሆኑ ነው። የመጣ ስሜት ሁሉ እስኪበላ ድረስ እየባሰ የሚሄድ አለመሆኑን በዚህ እናያለን፤ በደረጃ 5 የማቀርበው ዘዴም የሚመሠረተው በዚሁ ላይ ነው።

ደረጃ 3፦ ዋናውን ምግብ በሚገባ ይብሉ

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው፤ ሲዘሉትም ሌላው ሁሉ ይፈርስባቸዋል። ቁርሱን በባዶ ሻይ፣ ምሳውን በአንድ ሳምቡሳ ያለፈ ሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የሚሰማው እውነተኛ ረሃብ ነው፤ ያንን ረሃብ «አምሮት» ብሎ ሊያሸንፈው ሲሞክር ማታ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ይበላል። በየምግቡ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚያጠግብ ነገር መኖሩን ያረጋግጡ። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ዓይብና ሥጋ በፕሮቲን የበለጸጉ ናቸው፤ ጎመንና ሌላ አትክልት፣ የጤፍ እንጀራና ገብስ ደግሞ አሰር (ፋይበር) አላቸው፤ ሁለቱ በአንድ ላይ ሲሆኑ ሆድ ቶሎ ባዶ አይሆንም። የጥጋብ ስሜት ከሆድ ወደ አእምሮ በሚገባ እስኪደርስ 20 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ ሳይጣደፉ ይብሉ።

በምሳና በእራት መካከል ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት የሚያልፍ ከሆነ መክሰስን በዕቅድ ያስገቡት። መክሰስ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ አያቶቻችን ከእርሻ ሲመለሱ መክሰስ ይበሉ ነበር። በታወቀ ሰዓት፣ በሰሃን ላይ፣ ተቀምጠው የሚበሉት አንድ ጭብጥ የገብስ ቆሎና አንድ ብርቱካን ወይም ሙዝ ይበቃል።

ለመክሰስ የሚበሉት ነገርም ልዩነት ያመጣል። በ2019 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪ ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ 20 ሰዎችን በአንድ ማዕከል ውስጥ አስቀምጠው፣ ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ በብዙ ሂደት የተዘጋጀ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ በብዙ ሂደት ያላለፈ ምግብ እንደፈለጉት እንዲበሉ አደረጉ። ሰዎቹ የፋብሪካውን ምግብ በሚበሉባቸው ቀናት በአማካይ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ። ቺፕስና ክሬም ያለው ብስኩት በጉልበት የሚገቱት ነገር እንዳልሆነ የተረዳሁት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው፤ ከቤት እንዳይገቡ ማድረጉ ይቀላል።

ደረጃ 4፦ በእጅዎና በመክሰሱ መካከል ርቀት ያኑሩ

ለአንድ ምሽት ያህል ጊዜ ይስጡትና ቤትዎን በዓይንዎ ያስሱ። ተቀምጠው እጅዎን ሲዘረጉ የሚደርሱበትን የሚበላ ነገር ሁሉ ያንሡ። በሳሎን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የከረሜላ ሰሃን፣ በመኪና ውስጥ ያለ የለውዝ ከረጢት፣ በቢሮ መሳቢያ ውስጥ ያለ ብስኩት ሁሉም ቦታ ይቀይሩ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ የሚቀመጡት ውስጡ በማይታይ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይሁን፤ ዕቃውም ወንበር ካልተቆመ በማይደረስበት መደርደሪያ ላይ ይውጣ። እኔ የለውዙን ጣሳ ማጀት ውስጥ ከጤፉ በርሜል ጀርባ አስገባሁት። ለማውጣት ሁለት ነገር ማንሣትና ጎንበስ ማለት ያስፈልገኝ ነበርና፣ ከሶፋው ተነሥቼ መሄድ ከጀመርኩ በኋላ መንገድ ላይ የተውኩበት ምሽት ብዙ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚከተለውን አንድ ደንብ ያጽኑ፦ ከማሸጊያው፣ ከጣሳው ወይም ከከረጢቱ በቀጥታ አይብሉ። የሚበሉትን በቡና ሲኒ ሰፍረው ወደ ትንሽ ሰሃን ይገልብጡ፣ ዕቃውን ከድነው ወደ ቦታው ይመልሱ፣ ከዚያ ይቀመጡ። ይህ በተለይ ለለውዝ ይጠቅማል፤ ለውዝ ጥሩ ምግብ ቢሆንም 30 ግራሙ 170 ካሎሪ ያህል ስላለው፣ ዓይን ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ ሲቃም የአንድ ሙሉ ምግብ ያህል በቀላሉ ይገባል። ለስላሳ መጠጥንም ከመክሰስ ይቁጠሩት፤ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ቆርቆሮ ኮካ ኮላ 35 ግራም፣ ማለትም ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለበት።

በቤት ውስጥ ልጆች ካሉ የእነርሱን መክሰስ መከልከል ተገቢ አይደለም። በየልጁ ስም በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ይቀመጥላቸው፤ የሌላ ሰው ስም ካለበት ዕቃ መቃም እጅን ይይዛል። ሱቅ ሲሄዱም ምሳ በልተው፣ የሚገዙትን በወረቀት ጽፈው ይሂዱ፤ «ትልቁ ከረጢት በዋጋ ይሻላል» የሚለው ስሌት የሚሠራው ከረጢቱ በአንድ ምሽት ካላለቀ ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ አምሮቱ ሲነሣ 20 ደቂቃ ያሳልፉት

በሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ባለሙያ የነበረው አለን ማርላት፣ መጠጥና ሲጋራ ለማቆም የሚታገሉ ሰዎች ፍላጎታቸውን እንደ ባሕር ማዕበል እንዲመለከቱት ያስተምር ነበር፤ ማዕበሉ ከፍ ይላል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል፤ ሰውየው የሚጠበቅበት ሳይሰምጥ በላዩ መቆየት ብቻ ነው። የምግብ አምሮትም ካልታገሉትና ካልመገቡት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይበርዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰዓቱን ይመልከቱ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድተው ቀስ ብለው ይጠጡ። ከዚያ ተቀምጠው አምሮቱ ከአካልዎ የት ላይ እንዳለ ይፈልጉት፤ ምላስ ላይ ነው፣ ጉሮሮ ላይ፣ ወይስ ደረት ላይ የሚሰማ ጭንቀት? በልብዎ «አሁን ብስኩት አምሮኛል» ብለው ስሙን ይጥሩት፤ «መብላት የለብኝም» አይበሉ፣ ክልከላው ሐሳቡን እዚያው ያቆየዋልና። አምስት ጊዜ በዝግታ ተንፍሰው ተነሥተው ቦታ ይቀይሩ፤ በግቢው አንድ ዙር ይራመዱ፣ ዕቃ ይጠቡ፣ ወይም እጅን ሁለቱንም የሚይዝ ሌላ ሥራ ይጀምሩ። ስልክ መነካካት ለዚህ አይሆንም፤ አንድ እጅ ነፃ ስለሚተው መቃሙን ያመቻቸዋል። ሃያ ደቂቃው ካለፈ በኋላም የሽሮውን ጥያቄ ይድገሙት። አሁንም ብስኩቱን ከፈለጉ፣ በሰሃን አድርገው ሁለት ይብሉ፤ ሳያስቡ ከበሉት ስድስት ይህ በብዙ ይሻላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሃያ ደቂቃ ይረዝማል። አምስት ደቂቃ ችለው ስድስተኛው ላይ ቢበሉም ቁጥሩን ይመዝግቡት፤ በሳምንት ውስጥ ሲያድግ ያዩታል።

ደረጃ 6፦ «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» ብለው ይጻፉ

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ፣ «ይህን እተዋለሁ» ከሚል ጥቅል ውሳኔ ይልቅ ጊዜውንና ቦታውን ከሚፈጸመው ድርጊት ጋር ያስተሳሰረ ዕቅድ የበለጠ እንደሚፈጸም አስረድቷል። ስለዚህ በደረጃ 1 ለከበቡት ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። የእኔዎቹ እነዚህ ነበሩ፦ «10፡10 ሲሆን ከወንበሬ ተነሥቼ ውሃ ለመቅዳት ታች ድረስ እወርዳለሁ።» «ማታ ዜናው ሲያልቅ ጥርሴን እቦርሻለሁ።» ሁለተኛው ይበልጥ ጠቀመኝ፤ ጥርስ ከተቦረሸ በኋላ ለውዝ መቃም አፍን ደስ አይለውም። ዓረፍተ ነገሩ በሚፈጸመው ድርጊት ይጻፍ እንጂ «ብስኩት አልበላም» በሚል አይሁን፤ ከሁለት ወይም ከሦስት በላይም አይጻፍ።

ደረጃ 7፦ ቡና ላይ

ለአብዛኛው ቤተሰብ ከባዱ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚቀርበው ቆሎ፣ ፈንዲሻ ወይም አምባሻ የፍቅር መግለጫ ስለሆነ እምቢ ማለት ሰውየውን እምቢ እንደማለት ይቆጠራል። የጎረቤታችን እትዬ ሰሃኑን ወደ እኔ ገፍተው «በሞቴ፣ አንዲት ቁራሽ ብቻ!» ሲሉ፣ ምሳ እስከ አንገቴ በልቼም ቢሆን እቆርስ ነበር፤ ቁራሿም አንዲት ሆና አታውቅም። ውሎ አድሮ የተረዳሁት፣ እርሳቸው የሚፈልጉት አምባሻው እንዲያልቅ ሳይሆን ቶሎ ተነሥቼ እንዳልሄድባቸው መሆኑን ነው። ስለዚህ መልሴን እንዲህ አስተካከልኩት፦ «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ምሳ በልቼ ጥግብ ብያለሁ፤ ቡናውን ግን እስከ በረካ ድረስ አብሬዎት እጠጣለሁ።» ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የደገሙልኝ።

ከቃሉ ሌላ የሚረዱ ተግባሮች አሉ። ከሰሃኑ ራቅ ብለው፣ ከተቻለ በረከቦቱ በኩል ይቀመጡ፤ ሲኒ የማጠብ ወይም የማደል ሥራ ይውሰዱ፣ እጅ ሥራ ሲይዝ ቆሎ አይዘግንም። ካልቀረ አንዴ በጭብጥዎ ዘግነው፣ አንድ አንድ ፍሬ እየቆረጠሙ እስከ ቶና ያድርሱት። የቆሎ ጥቅሙ መቆርጠምና ጊዜ መፈለጉ ነውና በዝግታ ከተበላ ከብስኩት እጅግ ይሻላል። እርስዎ አስተናጋጅ ከሆኑ ደግሞ የቡናውን ቁርስ ከምሳ ጋር አያጋጥሙት፤ ምሳ ገና ከተበላ ፈንዲሻው ለሽታና ለወግ ይበቃል።

ስኳሩን አለመርሳት ያስፈልጋል። በአቦል፣ በቶናና በበረካ በእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው በአንድ ተቀማጭ 24 ግራም ያህል ስኳር ይጠጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ለተጨማሪ ጥቅም ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል፤ ይህም በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 25 ግራም አካባቢ ነው። በየሳምንቱ በሲኒው ሩብ ማንኪያ እየቀነሱ ቢሄዱ ምላስ ሳያጉረመርም ይለምደዋል።

ደረጃ 8፦ አምሮቱ የሚጠይቀውን ሌላውን ነገር ይስጡት

የደብተርዎን የስሜት ዓምድ መልሰው ያንብቡ። «ደክሞኝ»፣ «ተናድጄ»፣ «ብቻዬን ሆኜ»፣ «ሥራ ፈትቼ» የሚሉት ቃላት ከተደጋገሙ፣ ብስኩቱ የሚሸፍነው ያንን ነው። በባዕድ አገር በሰው ቤት ሲሠሩ ውለው እኩለ ሌሊት ላይ ለብቻቸው የሚቀመጡ እህቶቻችን፣ ወይም በዋሽንግተን ሌሊቱን ታክሲ የሚያሽከረክሩ ወንድሞቻችን ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል። ለናፍቆት መልሱ ለእናት ወይም ለጓደኛ ደውሎ አሥር ደቂቃ ማውራት ነው፤ ለንዴት መራመድ፤ ለሥራ መፍታት እጅ የሚይዝ ነገር። ሐዘኑ ሳምንታትን ካስቆጠረና እንቅልፍንም ሥራንም ከነሣ ግን ጉዳዩ ከመክሰስ ያለፈ ነውና የጤና ባለሙያ ያነጋግሩ።

ለድካም ከእንቅልፍ ሌላ መድኃኒት የለውም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ሁለት ሌሊት ለአራት ሰዓት ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ሲደረግ፣ የጥጋብ ሆርሞን የሆነው ሌፕቲን በ18 በመቶ ቀንሶ፣ ግሬሊን ደግሞ በ28 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል፤ የተሰማቸው ረሃብም በ24 በመቶ ከፍ ብሏል። ስለዚህ የማታው አምሮት ካስቸገረዎት ከሁሉ በፊት ከወትሮው የመኝታ ሰዓትዎ በግማሽ ሰዓት ቀድመው ይተኙ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ምግቡን ከቤት ቋጥሮ ይሂድ፣ የሚበላበትንም ሰዓት አስቀድሞ ይወስን።

ደረጃ 9፦ ሲሳሳቱ

ይሳሳታሉ። በዓል ይመጣል፣ ሠርግ ይኖራል፣ አንድ ምሽት ጣሳው ሙሉ ወርዶ ባዶ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ የሚመጣው «ዛሬ ቀኑ ተበላሽቷል፣ ከነገ እጀምራለሁ» የሚለው ሐሳብ ከበሉት ለውዝ ይልቅ ይጎዳል፤ የቀረውን ሰዓት ሁሉ ያስበላልና። የበሉትን በደብተርዎ ላይ እንደ ማንኛውም መስመር ይጻፉ፣ እራትዎን በሰዓቱ ይብሉ፣ ለቅጣት ብለው ምግብ አይዝለሉ። ፊሊፓ ላሊ የተባለች የለንደን ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር 96 ሰዎችን ተከታትላ፣ አዲስ ልማድ ያለ ሐሳብ መፈጸም እስኪጀምር በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ፣ ለአንዳንዱ 18 ቀን ብቻ፣ ለሌላው እስከ 254 ቀን ሊሆን እንደሚችል አግኝታለች። በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም።

ደረጃ 10፦ ከአንድ ወር በኋላ ደብተሩን ይድገሙት

ወሩ ሲሞላ እንደ መጀመሪያው ለሦስት ቀናት ይመዝግቡና ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የጠፋውን ሰዓት ይሰርዙት፤ ለእርሱ የጻፉት ዓረፍተ ነገር ሥራውን ጨርሷል። የቀረ ሰዓት ካለ፣ በእኔ ደብተር ላይ የማታው 3፡30 ቀርቶ ነበር፣ በዚያ ሰዓት የሚቀመጡበትን ወንበር፣ በአቅራቢያው ያለውን ዕቃና ያለፉትን ሌሊቶች እንቅልፍዎን አይተው ከደረጃ 4 ጀምሮ ለእርሱ ብቻ ይድገሙት። እኔ ወንበሩን ከማጀቱ በር ፊት አንሥቼ ወደ መስኮቱ ካዞርኩት በኋላ ነው ያ ሰዓት የለቀቀኝ።